ካያችኋቸው ፊልሞች ሁሉ ምርጡን እንዴት ትለያላችሁ?

«እስከ ዛሬ ካየሃቸው ፊልሞች ሁሉ ምርጡ የቱ ነው?» ሲሉት ቀላል ጥያቄ ነው። መልሱ ግን ቶሎ አይመጣም። አንዱ ባለፈው ሳምንት ያየውን ይጠራል። ሌላው ሰው ሁሉ የሚያወራለትን ይጠራል። ሌላው ደግሞ «አንድ ብቻማ እንዴት ይመረጣል?» ብሎ ያልፈዋል።

እኔ ይመረጣል ባይ ነኝ። ድካሙም አያስቆጭም። የምትወዷቸውን ሁለት ፊልሞች ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ «ይሄኛው ይበልጣል» ለማለት ስትታገሉ፣ ከፊልም የምትፈልጉት ነገር ምን እንደሆነ ያኔ ይገባችኋል። እሱን ካወቃችሁ ደግሞ ቀጥሎ ምን እንደምታዩ ታውቃላችሁ። ማታ ማታ ፖስተር ስታገላብጡ አታመሹም።

አስቸጋሪ የሚያደርገው በአንዱ ጥያቄ ውስጥ ብዙ ጥያቄ መኖሩ ነው። ከሁሉ በላይ ያስለቀሰኝ የቱ ነው? አሠራሩ የረቀቀው የቱ ነው? ስንቴም ባየው የማይሰለቸኝ የቱ ነው? ሰውን የማይበትን ዓይን የቀየረው የቱ ነው? ለአራቱም የተለያየ ፊልም ልትጠሩ ትችላላችሁ፤ ሁሉም መልስ ትክክል ነው። ስለዚህ ፊልሞቹን ከማወዳደር በፊት መለኪያዎቹን ማወዳደር ይቀድማል። የኔን አቋም ከወዲሁ ልናገር፦ ምርጥ ፊልም የምለው መጨረሻውን እያወቃችሁ ስታዩት ከመጀመሪያው ጊዜ ይልቅ ብዙ የሚሰጣችሁን ነው። ለምን እንደዚያ እንደምል ወደ ታች ስንወርድ ግልጽ ይሆናል።

ሁለት ነገር ላስታውስ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የአንዳንድ ፊልሞችን መጨረሻም እናገራለሁ፤ ያላያችሁትን ፊልም ስም ስታዩ አንቀጹን ዝለሉት።

ሰው የመረጠው ወይስ እኔ የመረጥኩት?

አብዛኞቻችን የምንነሳው ከዝርዝር ነው። «የምንጊዜም ምርጥ 100 ፊልሞች» የሚል ነገር እናገኝና ከላይ ወደ ታች እንወርዳለን። ዝርዝር መጥፎ ነገር አይደለም። ብቻ እያንዳንዱ ዝርዝር የሚለካው ነገር የተለያየ ነው፤ ያንን ማወቅ ያስፈልጋል።

ሃያስያን ዘንድ ትልቅ ክብር ያለው የእንግሊዙ የፊልም መጽሔት «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» የሚያወጣው ነው። ከ1952 ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ ድምፅ ያሰባስባል። በመጀመሪያው ዙር አንደኛ የወጣው የቪቶሪዮ ዴ ሲካ «ባይሲክል ቲቭስ» ነበር። ከ1962 እስከ 2002 በነበሩት አምስት ዙሮች የኦርሰን ዌልስን «ሲቲዝን ኬን» የሚነቀንቀው ጠፋ። በ2012 የአልፍሬድ ሂችኮክ «ቨርቲጎ» ቦታውን ወሰደ። በ2022 ደግሞ የቻንታል አከርማን «ጃን ዲልማን» አንደኛ ሆነ። ሴት ዳይሬክተር የሠራችው ፊልም እዚያ ቦታ ላይ ሲቀመጥ ያ የመጀመሪያው ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። «ጃን ዲልማን» የተሠራው በ1975 ነው። ከዚያ ወዲህ አንድም ነገር አልተጨመረበትም። የተለወጡት መራጮቹ ናቸው። በ2012 ድምፅ የሰጡት ሃያስያን 846 ነበሩ። በ2022 ቁጥራቸው ከ1,600 በላይ ሆነ፤ ሌላ ዓይን ያላቸው ብዙ ሰዎች ገቡ። ውጤቱም ተቀየረ። ይሄ ዝርዝሩን ዋጋ አያሳጣውም። ግን «አንደኛ» የሚባለው ማን እንደተጠየቀ የሚወስነው መሆኑን ያሳያል።

ኦስካር ሌላ ነገር ነው የሚለካው። በመጀመሪያ የአንድን ዓመት ፊልሞች ብቻ ነው የሚያወዳድረው። ከ2009 ፊልሞች ጀምሮ ደግሞ በምርጥ ፊልም ዘርፍ መራጮች እጩዎቹን በደረጃ ነው የሚያስቀምጡት። ከግማሽ በላይ የአንደኝነት ድምፅ ያገኘ ከሌለ ዝቅተኛው ፊልም ይወጣና ድምፁ ለመራጮቹ ቀጣይ ምርጫ ይተላለፋል። አንዱ እስኪያልፍ እንዲሁ ይቀጥላል። እንዲህ ባለ አቆጣጠር ግማሹ አብዶ የሚወደው፣ ግማሹ ደግሞ ዓይኑን ማየት የማይፈልገው ፊልም ይቸገራል። ብዙ ሰው ሁለተኛ ወይ ሦስተኛ ላይ ያስቀመጠው ይጠቀማል። «ሲቲዝን ኬን» በዘመኑ በዘጠኝ ዘርፍ ታጭቶ ያገኘው አንድ ሽልማት ብቻ እንደነበር ካወቃችሁ፣ ሽልማትን እንደ መጨረሻ ፍርድ አትወስዱም።

የተመልካቹ ድምፅስ? ተመልካቾች ለፊልም ነጥብ የሚሰጡበት ድረ ገጽ አይኤምዲቢ ላይ ከ2008 ጀምሮ አንደኛ ሆኖ የቆየው «ዘ ሻውሻንክ ሪደምፕሽን» ነው። ይሄ ፊልም በ1994 ሲወጣ ሲኒማ ቤት የገባለት ሰው ጥቂት ነበር። ለሰባት ኦስካር ታጭቶ አንድም አላገኘም። ሰው የደረሰበት በኋላ ነው፤ በቪዲዮ ካሴትና በቴሌቪዥን። ቴሌቪዥን ላይ ከመሃሉ የገባ ሰው እንኳ እስከ መጨረሻው ሳይነሳ ያየዋል። አይኤምዲቢ ላይ ተመልካች ከአንድ እስከ አሥር ነጥብ ይሰጣል። እዚያ ከላይ የሚቀመጠው በጣም የተወደደ ብቻ ሳይሆን የሚጠላው ሰው ያነሰ ፊልም ነው። «ጃን ዲልማን» ሦስት ሰዓት ከሃያ አንድ ደቂቃ አንዲት ሴት የቤት ሥራ ስትሠራ የሚያሳይ ፊልም ነው። እዚያ ቦታ ላይ አንደኛ ይሆናል ብላችሁ አትጠብቁ።

ስለዚህ ዝርዝርን እጩ ለመሰብሰብ ተጠቀሙበት። ዳኛ አታድርጉት።

ያስለቀሰኝ ወይስ በጥበብ የተሠራው?

ሰዉ እነዚህን ሁለቱን እንደ ባላንጣ ነው የሚያያቸው። «እኔ ካሜራ ምናምን አላውቅም፣ ልቤን የነካኝን ነው የምመርጠው» የሚል አለ። «ስሜትማ ማንም ይቀሰቅሳል፣ ዋናው አሠራሩ ነው» የሚልም አለ። እኔ ሁለቱም ግማሽ መንገድ ላይ የቆሙ ይመስለኛል። የተሰማችሁ ነገር እንዲያው አልመጣም። አንድ ሰው አስቦ ሠርቶታል። ጥያቄው ከየት አመጣው ነው።

አንድ ፊልም ጠጋ ብለን እንይ። የሲድኒ ሉሜት «ትዌልቭ አንግሪ ሜን» በ1957 የወጣ ነው። 96 ደቂቃ ነው ርዝመቱ። አሥራ ሁለት የጁሪ አባላት፣ ማለትም ፍርድ እንዲሰጡ የተጠሩ ተራ ዜጎች፣ አባቱን ገድሏል በተባለ ልጅ ላይ ለመወሰን አንድ ክፍል ውስጥ ይዘጋባቸዋል። ከጥቂት ደቂቃዎች በቀር ፊልሙ ከዚያች ክፍል አይወጣም። ጥይት የለም፣ ሩጫ የለም፣ ፍቅር የለም። ሰዎች ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ይከራከራሉ። ይሁንና መጨረሻው ሲቃረብ ደረታችሁ ይጨነቃል። አየር ያጥራችኋል።

ለምን? አንዱ ምክንያት ክርክሩ ነው፤ ስክሪፕቱ ግሩም ነው። ሌላው ምክንያት ግን ዓይናችሁ ሳያስተውለው የሚሆን ነገር ነው። ሉሜት ፊልሙን ለሦስት ከፍሎታል። በመጀመሪያው ሲሶ ካሜራው ከሰዎቹ ዓይን ከፍ ብሎ ይቀመጣል። በሁለተኛው ከዓይናቸው እኩል ይሆናል። በመጨረሻው ሲሶ ከዓይናቸው በታች ይወርድና ወደ ላይ ያያቸዋል። ያኔ የክፍሉ ጣሪያ መታየት ይጀምራል። ሌንሱም እንደዚያው ነው፤ ታሪኩ በገፋ ቁጥር ረጃጅም ሌንሶች እየተጠቀመ ግድግዳው ወደ ሰዎቹ የተጠጋ እንዲመስል አድርጓል። ክፍሉ ያው ነው። ግን እየጠበበ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ሰዎቹ ከፍርድ ቤቱ ሲወጡ ካሜራው ከፍ ይልና ሰፊ ሌንስ ይጠቀማል። ትንፋሻችሁ ይመለሳል።

መጀመሪያ ስታዩት ይሄን አታውቁም፤ ጭንቀቱ ብቻ ነው የሚሰማችሁ። በሁለተኛው ጊዜ ጭንቀቱም አለ፣ እንዴት እንደመጣ ማየቱም አለ። ስሜቱ አይቀንስም። እንዲያውም ይጨምራል። ለኔ ጥበብና ስሜት የማይነጣጠሉት እዚህ ጋ ነው።

በተቃራኒው ያስለቀሳችሁ ነገር ከፊልሙ ላይሆንም ይችላል። ሰው ሞቶባችሁ በሰሞኑ የታየ የቀብር ትዕይንት ያስለቅሳል፤ ፊልሙ ደካማ ቢሆንም። ሙዚቃም እንደዚያው። ሂችኮክ «ሳይኮ»ን ሲሠራ የሻወሩ የግድያ ትዕይንት ሙዚቃ እንዳይኖረው ነበር የፈለገው። አቀናባሪው በርናርድ ኸርማን ግን በቫዮሊን የሚጮኸውን ሙዚቃ ሠርቶ አሰማው፤ ሂችኮክም ሐሳቡን ቀየረ። ሙዚቃ ይህን ያህል ኃይል አለው። እዚያ ፊልም ላይ ሙዚቃው የቆመው በጥሩ ሥራ ላይ ነው። ሌላ ቦታ ግን ባዶ ትዕይንት የሚሸፍንበት ጊዜ ብዙ ነው። ለመለየት ቀላል መንገድ አለ። ያስለቀሳችሁን ትዕይንት ድምፁን ዘግታችሁ እዩት። ፊታቸው፣ አቋቋማቸው፣ ካሜራው የት እንደቆመ ብቻ ተመልከቱ። አሁንም የሆነ ነገር ከተሰማችሁ ፊልሙ ሠርቶታል። ምንም ካልተሰማችሁ ያስለቀሳችሁ ሙዚቃው ነበር።

አንዴ የሚታይ ወይስ የሚደጋገም?

ከሁሉም ከባዱ ይሄ ነው። በዚህ ላይ ረዘም ልበል።

በ1988 ሚያዝያ ወር አጋማሽ ላይ የጃፓኑ ስቱዲዮ ጂብሊ ሁለት አኒሜሽኖችን በአንድ ቀን፣ አከታትሎ አሳየ። አንዱ የሃያኦ ሚያዛኪ «ማይ ኔበር ቶቶሮ» ነው። ሌላው የኢሳኦ ታካሃታ «ግሬቭ ኦፍ ዘ ፋየርፍላይስ»። ስቱዲዮው አንድ፣ ቀኑ አንድ፣ አዳራሹ አንድ። ለኛ ጉዳይ ከዚህ የተሻለ ማነፃፀሪያ አላውቅም።

«ቶቶሮ» ውስጥ ሁለት እህትማማቾች ከአባታቸው ጋር ወደ ገጠር ይሄዳሉ። እናታቸው ሆስፒታል ናት። ጫካው ውስጥ ትልቅ፣ ለስላሳ ፍጡር ያገኛሉ። ክፉ ሰው የለም። ዝናብ እየዘነበ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆመው አባታቸውን ሲጠብቁ ያ ፍጡር መጥቶ አጠገባቸው ይቆማል። ትልቋ ጃንጥላ ታውሰዋለች። የዝናቡ ጠብታ ጃንጥላው ላይ ሲያርፍ ድምፁ ይገርመዋል፤ ደስ ይለዋል። ያቺን ትዕይንት ስንቴም ብታዩዋት አትሰለችም።

ሌላው ፊልም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቦምብ ድብደባ እናታቸውን ያጡ ወንድምና እህት ታሪክ ነው። ልጁ ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ባቡር ጣቢያ ውስጥ በረሃብ ይሞታል። ታሪኩ ከዚያ ወደ ኋላ ነው የሚሄደው። ትንሿ እህቱ አራት ዓመቷ ነው። ይሄን ፊልም አይተው «ግሩም ነው፣ ዳግመኛ ግን አላየውም» የሚሉ ሰዎች እጅግ ብዙ ናቸው። እውነታቸውን ነው።

ታዲያ የቱ ይበልጣል? መለኪያችን «ደግሜ ማየት እፈልጋለሁ ወይ?» ከሆነ ሁለተኛው ገና ከመነሻው ይወድቃል። ይሄ ግን ፍትሕ አይደለም። በጣም የሚከብድ ነገርን በሐቅ ስላሳየ ሊቀጣ አይገባም። ስለዚህ ጥያቄውን ትንሽ ላዙረው። «ማየት እፈልጋለሁ ወይ?» ሳይሆን «ደግሜ ባየው አዲስ የማገኘው ነገር አለ ወይ?»

በዚህ ጥያቄ «ግሬቭ ኦፍ ዘ ፋየርፍላይስ» አይወድቅም። ሞቱን ከመጀመሪያው ስለነገረን «ይተርፉ ይሆን?» በሚል ጉጉት ላይ አልቆመም። መጀመሪያ የሚያይ ሰው ያስጠለለቻቸውን ሴትዮ ይጠላታል፤ ምላሷ መርዝ ነው፣ ሩዛቸውን ትቆጥራለች። ዳግመኛ የሚያይ ሰው ሌላም ነገር ያስተውላል። ልጁ ኩራት አለበት። ይቅርታ ጠይቆ መመለስ ሲችል አይመለስም። እሱም እኮ ልጅ ነው። ጥፋቱን የምትጥሉበት አንድ ሰው ስታጡ ፊልሙ ይበልጥ ይከብዳል፤ ይበልጥም እውነት ይሆናል።

ይሄው መለኪያ በምስጢር ላይ የቆሙ ፊልሞችንም ይለያል። መጨረሻቸው ላይ «ለካ እንዲህ ነበር!» የሚያሰኙ ፊልሞች አሉ። አንዳንዶቹ ምስጢሩ ከታወቀ በኋላ የሚቀራቸው ነገር የለም። «ቨርቲጎ» የተለየ ነው። ሂችኮክ ምስጢሩን መጨረሻ ላይ ማድረግ ይችል ነበር። አላደረገውም። ገና ብዙ ፊልም እየቀረ ለተመልካቹ ይነግረዋል፤ ዋናው ገጸ ባሕርይ ግን አያውቅም። ከዚያ በኋላ የምናየው እሱን ብቻ ሳይሆን የምታውቀውን ነገር ደብቃ አብራው የምትሆነውን ሴት ነው። ሴቷን ሆና የምትሠራው ኪም ኖቫክ ፊቷ ላይ ሁለት ሰው ይዛ ነው የምትተውነው። በ1958 ሲወጣ የተቀበለው ሰው የተከፋፈለ ነበር። ወደ ላይ የወጣው ሰው ተመልሶ ሲያየው ነው። አያስገርመኝም፤ ፊልሙ የተሠራው ለተመላሽ ተመልካች ይመስለኛል።

የልጅነቱ ወይስ የአሁኑ?

እዚህ ላይ አጭር እሆናለሁ። የማስታወስ ችሎታን የሚያጠኑ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ሰው በዕድሜው ሲገፋ አብዝቶ የሚያስታውሰው በግምት ከአሥር እስከ ሠላሳ ዓመቱ ድረስ ያለውን ጊዜ መሆኑን ደጋግመው አይተዋል። ያኔ የሰማነው ዘፈንና ያየነው ፊልም ከኋላ ከመጣው በላይ ይገዝፍብናል። ስለዚህ የልጅነት ፊልማችሁን አትጣሉት፤ ነገር ግን ዛሬ አንዴ እዩትና ከዚያ ይወዳደር። አንድ መፈተኛ አለኝ። ፊልሙን ለማያውቃችሁ አዋቂ ሰው «ልጅ ሆኜ…» ሳትሉ ማስረዳት ትችላላችሁ? ከቻላችሁ ቦታ አለው። ካልቻላችሁ የምትወዱት ያንን ጊዜ ነው፤ እሱም ክቡር ነገር ነው፣ ግን ሌላ ዝርዝር ውስጥ ይግባ።

መጨረሻው ያማረ ወይስ ሁሉም ቦታ የሚይዝ?

ትዝታ ፊልምን እኩል አይመዝንም። የሥነ ልቦና ሊቁ ዳንኤል ካህነማንና ባልደረቦቹ በ1993 ያሳተሙት አንድ ሙከራ አለ። ሰዎች እጃቸውን 14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ለ60 ሰከንድ እንዲነክሩ ተደረገ። በሌላ ዙር ያው 60 ሰከንድ ሆኖ 30 ሰከንድ ተጨመረበት፤ በጭማሪው ሰዓት ውሃው ቀስ እያለ ወደ 15 ዲግሪ ከፍ አለ። አሁንም ያማል፤ ትንሽ ብቻ ይሻላል። የትኛውን ትደግማላችሁ ሲባሉ አብዛኞቹ ረጅሙን መረጡ። የምናስታውሰው ጫፉንና መጨረሻውን ነው። ርዝመቱን እንረሳዋለን።

ፊልም ላይም ይሄው ይመጣል። አንድ ሰዓት ተኩል ያሰለቸ ፊልም አሥር ደቂቃ የሚያናውጥ መጨረሻ ካለው «ዋው» ብለን እንወጣለን። መሃሉ ላይ ስልካችንን እያየን እንደነበር ይረሳናል። የተገላቢጦሹም አለ፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ይዞን የቆየ ፊልም ማለቂያው ስለተበላሸ ብቻ እንጥለዋለን።

ስለዚህ ሁለት ፊልም ስታወዳድሩ መጨረሻቸውን ለጊዜው ተዉት። ከመሃላቸው ሦስት ትዕይንት ጥቀሱ። ማን ምን አለ? የት ቆሞ ነበር? መብራቱስ? ለአንዱ ወዲያው ከመጣላችሁ፣ ለሌላው ካልመጣ፣ ልዩነቱ ያ ነው።

የትኛውን ቅጂ? በምን ስክሪን?

አንዳንዴ ሁለት ሰዎች በአንድ ስም ስለ ሁለት ፊልም ይጨቃጨቃሉ። የሪድሊ ስኮት «ብሌድ ራነር» በ1982 ሲወጣ የዋናው ገጸ ባሕርይ ትረካ በላዩ ነበረበት፣ መጨረሻውም ተስፋ የሚሰጥ ተደርጎ ነበር። በ2007 የወጣው «ፋይናል ከት» የሚባለው ትረካውም የለውም፣ ያ መጨረሻም የለውም። ስሜቱ በጣም ይለያያል። ስትመርጡ የትኛውን ቅጂ እንደሆነ ተናገሩ።

ስክሪንና ድምፅም ያው ነው። በስልክ ያያችሁትን ፊልም ሲኒማ ቤት ካያችሁት ጋር ማወዳደር አንዱን መበደል ነው። ከቋንቋ ደግሞ የበለጠ ነገር ይመጣል። በሌላ ቋንቋ በተደረበ ድምፅ ያያችሁት ፊልም ላይ ስለ ትወና አትፍረዱ፤ ግማሹን ትወና አልሰማችሁትም። የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» አስቡ። በ2009 በፌስፓኮ የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ትልቁን ሽልማት ያገኘ ፊልም ነው። አማርኛውን በጆሮው የሚሰማ ሰውና ከታች በሚሮጥ ጽሑፍ የሚከተል ሰው አንድ ዓይነት ነገር አይደርሳቸውም። እኛም በጃፓንኛና በጣሊያንኛ ፊልም ላይ እንደዚያው ነን። ስለዚህ በራሳችሁ ቋንቋ የሰማችሁትና በጽሑፍ የተከተላችሁት ሲወዳደሩ፣ ለሁለተኛው ትንሽ ቦታ ተዉለት።

አሁን እንምረጥ

ኢንተርኔት ሳታዩ ወረቀት ላይ የመጣላችሁን ፊልም ሁሉ ጻፉ። አሥር አካባቢ ይበቃል። ሳይፈለግ ራሱ የመጣ ፊልም አንድ ነገር አለው ማለት ነው። በማግስቱ ተመልሳችሁ እዩትና የረሳችሁትን ጨምሩ። ዝርዝርና ሽልማት የምታዩት ከዚህ በኋላ ነው፤ «አዎ፣ እሱም አለ ለካ!» የሚያሰኛችሁ ካለ አስገቡት። ስላፈራችሁ ብቻ የምታስገቡት ፊልም ግን አይኑር።

ከዚያ ሁለት ሁለት አድርጋችሁ አፋልሙ። አሥሩን በአንድ ጊዜ በደረጃ ለማስቀመጥ አትሞክሩ፣ ያደክማል። ለሁሉም ጥንድ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፤ የኔ «ደግሜ ባየው አዲስ የማገኘው የቱ ላይ ነው?» የሚለው ነው። እናንተ ሌላ ልትመርጡ ትችላላችሁ። መሃል ላይ ግን አትቀይሩት። አንዱ ሁለተኛውን አሸንፎ፣ ሁለተኛው ሦስተኛውን አሸንፎ፣ ሦስተኛው ደግሞ ዞሮ አንደኛውን ካሸነፈ ጥያቄውን ሳታውቁት ቀይራችኋል። እዚያ ላይ ቆም በሉ። አንዱን በስሜት፣ ሌላውን በአሠራር መዝናችሁ ይሆናል።

ሁለት ሲቀሩ ሁለቱንም ዳግመኛ እዩ። በትዝታ አትፍረዱ። የሚቻል ከሆነ በተለያየ ቀን፣ በተመሳሳይ ስክሪን።

እኔ ጋ መጨረሻ ላይ የቀሩት «ዘ ሻውሻንክ ሪደምፕሽን»ና «ባይሲክል ቲቭስ» ናቸው። ሁለቱም መውጫ ስላጣ ሰው ነው የሚያወሩት። በመጀመሪያው አንድ የባንክ ሰው ሚስቱን ገድለሃል ተብሎ ዕድሜ ልክ ይፈረድበታል። በሁለተኛው አንድ ሥራ ፈት አባት ፖስተር የመለጠፍ ሥራ ያገኛል፤ ሥራው ብስክሌት ይጠይቃል፤ በመጀመሪያው ቀን ይሰረቅበታል።

«ሻውሻንክ» ያጽናናል። እስረኛው ራሱን ቢሮ ውስጥ ቆልፎ የሞዛርትን ሙዚቃ በድምፅ ማጉያ ሲለቀው፣ ግቢው ውስጥ ያሉት ሁሉ ባሉበት ደርቀው ወደ ላይ ሲያዩ፣ ዛሬም ይነዝረኛል። አንድ ነገር ግን ሳየው ይሰማኛል። ታሪኩን የሚተርከው የተዋናይ ሞርጋን ፍሪማን ድምፅ ያ ሙዚቃ ምን ማለት እንደነበር ይነግረኛል። ተስፋ ምን እንደሆነም ይነግረኛል። በጣም ቆንጆ አድርጎ ይነግረኛል፤ ስለዚህ ለኔ የሚቀርልኝ ሥራ ትንሽ ነው። ደግሜ ሳየው የማገኘው ያንኑ ሙቀት ነው። አዲስ ነገር ብዙም አላገኝም።

«ባይሲክል ቲቭስ» ምንም አይነግረኝም። ዋናው ተዋናይ ላምቤርቶ ማጆራኒ ከዚያ በፊት ተውኖ የማያውቅ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። በታሪኩ የአባትየው ሚስት ብስክሌቱን ከመያዣ ለማስለቀቅ የአልጋ አንሶላቸውን ገፍፋ መያዣ ቤት ትወስዳለች። የመያዣ ቤቱ ሠራተኛ ጥቅሉን ይዞ መደርደሪያው ላይ ሲወጣ ካሜራው ይከተለዋል። ይወጣል፣ ይወጣል። መደርደሪያው እስከ ላይ ድረስ የሌሎች ሰዎች አንሶላ ነው። አንድም ቃል አይነገርም፤ ከተማው ሁሉ ምን እንደሆነ ግን ይገባችኋል። ሌላም አለ። አባትየው ብስክሌቱን ፍለጋ ከፊት ከፊት ሲሮጥ ትንሹ ልጁ ብሩኖ መንገድ ሲሻገር መኪና ሊገጨው ለትንሽ ይተርፋል፤ ወዲያው ሌላ መኪና። አባትየው ዞሮ አያይም። መጀመሪያ ስታዩት እናንተም እንደ አባትየው ብስክሌቱን ነው የምትፈልጉት፤ ልጁን ላታዩት ትችላላችሁ። ዳግመኛ ስታዩት ዓይናችሁ ከልጁ አይነሳም። መጨረሻ ላይ አባት ራሱ ብስክሌት ሲሰርቅ፣ ሰው ሲረባረብበት፣ ልጁ ሲያይ፣ ያኔ ፊልሙ ስለ ብስክሌት እንዳልነበር ታውቃላችሁ። ልጁ እጁን ይይዘዋል። ይሄዳሉ። ያልቃል።

በኔ መለኪያ «ባይሲክል ቲቭስ» ያሸንፋል። መለኪያው «በከፋኝ ቀን የሚያነሳኝ የቱ ነው?» ቢሆን ኖሮ «ሻውሻንክ» ነበር፤ ያንን የመረጠ ሰው ጋ አልከራከርም። የምከራከረው መለኪያውን ሳይናገር «የኔ ይበልጣል» ከሚል ሰው ጋ ነው።

ሊያወርደው ይችላል ብዬ የምጠረጥረው አንድ ፊልም አለ፤ የያሱጂሮ ኦዙ «ቶክዮ ስቶሪ»፣ በ1953 የወጣው። በ2012 «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» ዳይሬክተሮችን ሲጠይቅ እነሱ አንደኛ ያደረጉት እሱን ነበር። ያየሁት አንዴ ብቻ ስለሆነ በራሴ ደንብ ገና ውድድር ውስጥ አልገባም። ቀጥሎ የማየው እሱን ነው።